የሦስተኛው ቀን ደረጃ

ጡረታ በወጣሁ በአምስተኛው ወር ከወንበር ስነሳ በእጄ መደገፍ ጀመርኩ። እኔ ልብ አላልኩትም፤ ያየችው ጎረቤቴ ጽጌ ናት። «ሶስና፣ ምነው እንደ ባልቴት ሆንሽ?» አለችኝ። እሷ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ የከነከነኝም ለዚህ ነው።

ጎፋ፣ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ናት። እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ አምስት ጊዜ እንድነሳና እንድቀመጥ አዘዘችኝ። አራተኛው ላይ ወንበሩን ያዝኩ።

«ጭንዎ ሳስቷል» አለች። «ግማሹ ዕድሜ ነው፣ ግማሹ መቀመጥ። ዕድሜውን አልመልስልዎትም፤ መቀመጡን ግን እናስተካክለዋለን። የስድሳ ዓመት ጡንቻም ሥራ ሲሰጡት ይጠነክራል። ብቻ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ አይቸኩልም፤ በመሃል ዕረፍት ይፈልጋል።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ከየት ያውቃሉ?»

«ጽፌበታለሁ።»

ዓይኗ በራ። የት እንደምታገኘው ጠየቀችኝ። ጋዜጣው ከተዘጋ ቆይቷል ብዬ መለስኩላት፤ ይህ እውነት ነው። አንድ ቅጂ ቤቴ፣ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ግን አልነገርኳትም።

በሠላሳ አምስት ዓመት የሥራ ዘመኔ ከጻፍኩት ሁሉ ብዙ ሰው ያነበበው ያ ጽሑፍ ነው። ብዙ ሰው ያመሰገነኝም በእሱ ነው። ባልጻፍኩት ብዬ የምመኘውም እሱን ብቻ ነው። ስለዚህ የሥራ ዘመኔን ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ ዙሪያውን ብዞርም መድረሻዬ እሱ ሆነ።

የመጀመሪያ ምድቤ የአንባቢያን ደብዳቤ ክፍል ነበር። የሰው ብሶት እያነበብኩ ማሳጠር ተማርኩ። ከዚያ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ስፖርት፣ በመጨረሻ ጤና። ደመወዙና የዕድገት ማመልከቻው የሁላችንም ታሪክ ስለሆነ አላነሳውም። የምጽፈው ሥራውን ስላስተማሩኝ ሰው ነው።

ጋሽ ታፈሰ የዜና አርታኢ ነበሩ። ጽሑፍ የሚያነቡት ቆመው ነው፤ ሲቀመጡ ለጸሐፊው ማዘን እንደሚጀምሩ ይናገሩ ነበር። ቀይ እርሳሳቸውን በምላጭ ይቀርጹና ፍቅፋቂውን ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ያጠራቅማሉ። ሌላውን ዓረፍተ ነገር ብዙ አይነኩም። ቁጥር ሲያዩ ግን ይከቡታል። ክቡ ሥር ከየት እንዳገኘሽው የሚናገር ፊደል እንድትጽፊ ይጠብቃሉ፦ «አ» ከሆነ አየሁ፣ «ሰ» ከሆነ ሰማሁ፣ «ጽ» ከሆነ ተጽፎ አነበብኩ ማለት ነው። አንድ ቁጥር ሁለት ፊደል ካላገኘ አያልፍም።

አንድ ቀን ከፍርድ ቤት አንድ የቀለብ ክስ ይዤ መጣሁ። «የስድስት ልጆች እናት» ብዬ ጽፌ ነበር። ስድስትን ከበቧት።

«ማን ቆጠረ?»

«ክሱ ላይ ተጽፏል፣ ጋሼ።»

«ሴትየዋን ጠይቀሻታል?»

«አልጠየቅኋትም። ማመልከቻው ላይ ማኅተም አለው እኮ።»

«ማኅተሙ ልጅ ይወልዳል? ሂጂና ጠይቂያት።»

በዝናብ ተመልሼ ሄድኩ። ሴትየዋ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታጠባ ነበር። ሰባት ናቸው አለችኝ፤ ሰባተኛው ጡቷ ላይ ነበር። ክሱ ሲጻፍ አልተወለደም። ተመልሼ ስነግራቸው ጋሽ ታፈሰ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። «ወረቀት ከተጻፈበት ቀን ወዲህ ያለውን አያውቅም» አሉና ስድስትን ሰርዘው ሰባት ጻፉ። ከዚያ ሁልጊዜ የሚሏትን ጨመሩ፦ «ያየሽው፣ የሰማሽውና የተጻፈው ከተጣሉ አስታራቂ አትሁኚ። ቁጥሩን አውጪው። ቁጥሩ ሰው ከሆነም ሰውየውን አውጪው።»

ይህችን ሕግ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠበቅኋት።

ስፖርት ክፍል ስዛወር አለቃዬ አቶ መርዕድ ነበር፤ ሜዳሊያ ያላመጣ ሩጫ ለእሱ አስፋልት መሻገር ነው። በዚያን ጊዜ ሴት ሯጮች የሚጠየቁት ሁለት ጥያቄ ነበር፦ ስንተኛ ወጣሽ? መቼ ታገቢያለሽ? እኔ ልምምድ ሜዳ እየሄድኩ ጎን ቆሜ ስመለከት ሌላ ነገር አየሁ። የልምምዱ ፕሮግራም ለወንዶች የተጻፈ ነው፤ ከሥሩ የሴቶች ስም ይጨመርበታል። የአሥራ ሰባት ዓመቷም የሠላሳ ዓመቷም እኩል ትሮጣለች። በማግሥቱ እግራቸው ምን እንደሚል የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ለአቶ መርዕድ ሐሳቡን ሳቀርብለት «ይሄ የሕክምና ነገር ነው፣ ለጤና ገጽ ስጪ» አለኝ። ከዓመታት በኋላ ራሴ የጤናውን ገጽ ያዝኩና ሰጠሁ።

አንድ የስፖርት ሐኪም ረዱኝ። እሳቸው እንዳስረዱኝ ጡንቻን ይበልጥ የሚያሳምመው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ስንወርድ የጭናችን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ይሸከማል፤ ያኔ በጥቃቅኑ ይጎዳል። ሕመሙ በማግሥቱ ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ከዚያ ጡንቻው ራሱን ጠግኖ በርትቶ ይመለሳል፤ ጊዜ ከተሰጠው። በዕድሜ ውስጥ የሚለወጠው አንዱ ነገር ይኸው ጊዜ ነው፤ ግን ዕድሜ ብቻውን አይደለም አሉኝ። ልምድ አለ፣ እንቅልፍ አለ፣ ምግብ አለ።

አራት ሴቶች መረጥኩ፤ ሁሉም ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች። አንዷ የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ። ሁለተኛዋ የአንድ ክለብ ሯጭ፣ ሃያ አራት ዓመቷ። ሦስተኛዋ ሕንፃ ሥራ ላይ ሲሚንቶ የምትሸከም የቀን ሠራተኛ፣ አርባ አንድ። አራተኛዋ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ስድሳ ሦስት። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ፉሪ የሚወስደውን ዳገት እየወጡ ወረዱ፤ እግሯ መንቀጥቀጥ የጀመረባት ታቆማለች። ከዚያ እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት እየዞርኩ የየሕንፃቸውን ደረጃ ሲወርዱ አየሁ። ሊፍት የለም፤ ደረጃ አይዋሽም። ሰዓቴን እይዛለሁ፤ እጃቸው የብረቱን መደገፊያ እንደያዘ እጽፋለሁ፤ በፊት ለፊት ወይስ በጎን እንደወረዱ እጽፋለሁ። ጥናት እንዳልሆነ ጽሑፉ ላይ በግልጽ አስቀምጫለሁ። አራት ሴቶች፣ አንድ ዳገት፣ ሦስት ጠዋት።

ተማሪዋ ሰኞ አነከሰች፣ ማክሰኞ ረስታው እየዘለለች ወረደች። ነርሷ ማክሰኞ ደረጃውን ወደ ኋላ ዞረው፣ እንደ መሰላል ወረዱት። «ያየሽውን እንዳትጽፊ!» አሉኝ እየሳቁ። «ሲስተር፣ ጽፌዋለሁ» አልኳቸው። የቀን ሠራተኛዋ ሦስቱንም ቀን ባልዲዋን አንጠልጥላ ፊት ለፊት ወረደች። «እኔን ለዚህ ነው ያስነሳሽኝ? እኔ እኮ በየቀኑ ሲሚንቶ ተሸክሜ አምስተኛ ፎቅ ወጥቼ ነው የምወርደው። ምኔን ልታመም?» ብላ አሾፈችብኝ። ሐኪሙ ይህን ስነግራቸው ተደሰቱ። ጡንቻ የለመደውን ቁልቁለት ያስታውሳል አሉ።

ያልገባኝ ሁለተኛዋ ነበረች። ዘነበች እላታለሁ፤ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። ከሁሉም የሠለጠነችው እሷ ናት፤ ጥሩ ትወርዳለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ማክሰኞ ጠዋት ግን ከአራተኛ ፎቅ በጎን እየወረደች፣ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ከነርሷ ብዙም አልፈጠነችም።

«ልምምድ አለሽ ዛሬ?» አልኳት።

«አለ እንጂ እትዬ። ትላንትም ነበረ።»

«እንደዚህ ሆነሽ?»

«ኮች ሲያሟሙቁት ይለቅሻል ይላል።» ሳቀች። «ይምጡ፣ እናቴ ከአገር ቤት መጥታለች። በሶ ይዛልኛለች፤ ይቅመሱልኝ።»

ተያይዘን ወጣን። እናትየው ምንጣፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። በሶው ማር ያስፈልገው ነበር፤ ዘነበች ልትገዛ ወደ ሱቅ ወረደች። ሌላ ቀን ቢሆን በሁለት ደቂቃ ትመለስ ነበር። በዚያ እግሯ ግን ቆየች፤ እናትየውም የቆየችውን ያህል አወሩኝ።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ምከሪልኝ» አሉኝ። «ይቺ ልጅ ሩጫ ሩጫ እያለች ቀረች። ታናሽ ወንድሟ መምህር ነው፤ ሦስት ወልዷል።»

«ወንድሟ ስንት ዓመቱ ነው እማማ?» አልኩ። ልማድ ነው፤ ቁጥር ስሰማ እጄ ይጽፋል።

«ሠላሳ ሁለት ሞላው። እሷን ጡት ሳላስጥል ነው እሱን የፀነስኩት። በሁለት ዓመት ነው የሚከተላት።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ደረጃው ላይ የዘነበችን እግር ሰማሁ፤ አንድ እርከን ስትወጣ ትቆማለች፣ ሌላ ስትወጣ ትቆማለች። እናትየው የተናገሩት ምን እንደሆነ አላወቁትም። ማሩ መጣ፣ በሶውን ጠጣን፣ አመስግኜ ተነሳሁ።

ዘነበች ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረሰችብኝ። በዚያ እግሯ ሁለት ፎቅ ተከትላኝ ወርዳለች። ፊቴን አይታ ገብቷታል።

«እናቴ ነገረችዎት።»

«የወንድምሽን ዕድሜ ነገሩኝ።»

ብረቱን ይዛ ተቀመጠች። የሆነው ቀላል ነገር ነው። ከገጠር ለወጣቶች ውድድር የመለመላት ሰው አሥራ ስምንት ነሽ አላት፤ ወረቀቱም እንደዚያው ወጣ። ያኔ ሃያ ስምንት ነበረች። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓመት ትጨምራለች፣ እግሯ ላይም አንድ ዓመት ይጨመራል፤ በመሃሉ ያለው አሥር ዓመት ግን እንዳለ ነው። እንዲህ ያለ ሁለት ዕድሜ ያላት ሯጭ እሷ ብቻ አልነበረችም። የሜዳው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ማንም አይጽፈውም።

«እትዬ ሶስና፣ ከወጣ ከክለቡ ያባርሩኛል» አለች። «ዘንድሮ ኮች ማራቶን ላስሮጥሽ ብሎኛል። አንድ ማራቶን ብቻ ነው የምፈልገው። አንዱን ጨርሼ ራሴ እወጣለሁ።» ቀጠለችና፦ «ካስቸገርኩዎት ከጽሑፉ ያውጡኝ። ባልኖርም ግድ የለኝም። ብቻ የእናቴን ነገር አይጻፉት።»

«አልጽፈውም» አልኳት። ይህን ቃሌን ጠብቄያለሁ።

አውጪኝ ያለችውን ግን አላደረግሁም።

ምክንያቱን ለብዙ ዓመት ለራሴ በተለያየ መልክ ነግሬዋለሁ። እሷን ለመጠበቅ ነው ብያለሁ፤ ብትቀር ሰው ይጠረጥራል ብያለሁ። እውነቱ ሠንጠረዡ ነው። ለገጹ አራት ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ሠርቼ ነበር፤ አሥራ ሰባት፣ ሃያ አራት፣ አርባ አንድ፣ ስድሳ ሦስት። ዘነበች ስትወጣ ከተማሪዋ በቀጥታ ወደ አርባ አንድ ይዘላል፤ ሴት በጉልበቷ ጫፍ ላይ የምትሆንበት ዕድሜ ባዶ ይሆናል። ሌላ ሯጭ ፈልጌ እንደገና ዳገት ላወጣ ሳምንት ያስፈልገኛል። ገጹ ሐሙስ ይዘጋል። መታወቂያዋን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ሃያ አራት ይላል። ማንም ሊጠይቀኝ አይችልም። ክቡ ሥር «ጽ» ብዬ አሳለፍኩት። ጋሽ ታፈሰ ጡረታ ከወጡ ቆይተው ነበር፤ ሁለተኛዋን ፊደል የሚጠይቀኝ አልነበረም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ማብራሪያው ነው። የሃያ አራት ዓመት ሯጭ በሦስተኛው ቀን ለምን እንደ ስድሳ ዓመት ሴት ትወርዳለች? አንባቢ ይጠይቃል። እኔ መልሱን አውቃለሁ፤ ቢያንስ የመልሱን ግማሽ። ሠላሳ አራት ዓመት የሆነው፣ ለሃያ አራት በተጻፈ ፕሮግራም ቀን ከቀን ዕረፍት ያጣ ጡንቻ ነው። ሠላሳ አራት እርጅና አይደለም፤ ብዙ ሴት በዚያ ዕድሜ በደንብ ትሮጣለች፤ ግን ካረፈች። ይህን መጻፍ ስለማልችል ለአሠልጣኟ ደወልኩ።

«በዚህ ዕድሜ ከሆነ ሥራ አንሷት ነው እህቴ» አለኝ። «የሃያ አራት ዓመት እግር በማግሥቱ ዝግጁ መሆን አለበት።»

ቃል በቃል፣ በጥቅስ ምልክት አስገባሁት። በትክክል የተጠቀሰ፣ ምንጩ የታወቀ፣ የተመዘገበ። በመላው ጽሑፍ ውስጥ ከዚያ ጥቅስ የበለጠ በጥንቃቄ የተያዘ ነገር አልነበረም።

ጽሑፉ ወጣ። ስልክ አላቋረጠም። አንዲት አንባቢ ስድሳ ዓመቷ እንደሆነና ነርሷን አንብባ ደረጃ መውጣት እንደጀመረች ጻፈችልኝ። አቶ መርዕድ ሳይቀር ኮሪደር ላይ አስቁሞ ጨበጠኝ።

አሠልጣኙ ገጹን ቆርጦ ክለቡ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። የራሱን ጥቅስ በእስክሪብቶ አሰመረበት። ከዚያም ለዘነበች ቁልቁለት ጨመረላት። ከማራቶኑ በፊት እግሯ እንዲጠነክር በሳምንት አንዴ የነበረውን ሦስት ጊዜ አደረገው። ክፋት አልነበረም፤ ጋዜጣ ላይ የወጣውን አምኖ ነው። እሷም እንዲቀንስላት ልትጠይቀው አትችልም። ምን ብላ? የሃያ አራት ዓመት እግር በማግሥቱ ዝግጁ መሆን አለበት።

በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ከፉሪ ቁልቁለት ስትወርድ የግራ ተረከዟ ጅማት ተበጠሰ። ከኋላ በድንጋይ የመቷት መስሏት ዞራ ማን ነው ብላለች አሉ። ማንም አልነበረም። ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። እውነተኛ ዕድሜዋ መሆኑን ሳልነግራቸው፣ ሠላሳ አራት ብትሆን ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር ጠየቅሁ። እርግጠኛ መሆን አይቻልም አሉ፤ ጅማት በሃያ አራትም ይበጠሳል። «ግን ሠላሳ አራት ናት ብትዪኝ፣ ቁልቁለቱን ቀንሱላት፣ ቀን አሳልፋችሁ አሳርፏት እል ነበር።» ይህን በማስታወሻዬ ጻፍኩ። ሥሩ «ሰ» አደረግሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ጋዜጣውን ይዤ ጎፋ፣ ጋሽ ታፈሰ ቤት ሄድኩ። ስኳር እግራቸውን ጎድቶት ነበር፤ ሆኖም ለማንበብ ግድግዳ ይዘው ተነሱ። ቀይ እርሳስ ጠየቁኝ። ሠንጠረዡ ላይ ደረሱና ሃያ አራትን ከበቧት። ሌሎቹን ሦስቱን አልነኩም። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም፤ ምናልባት በሦስተኛው ቀን ያለው ከዕድሜው ጋር አልገጠመላቸው ይሆናል።

«ሥሯ ምን ልጻፍ?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። እናትየውን፣ ማሩን፣ ደረጃው ላይ ያለችኝን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ራሷ አውጪኝ ብላሻለች?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ጋዜጣውን አጥፈው መለሱልኝ። ከዚያ ተቀመጡ። ጽሑፍ ይዘው ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። በዓመቱ አረፉ።

ዘነበችን ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኋት። ሁለቱንም ጊዜ እናትየው ነበሩ፤ ስለ አየሩና ስለ መንገዱ አወራን። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ወጥታ ነበር። ክለቡ አሰናብቷታል፤ ስልኳም አይሠራም። ፈልጌያት ቢሆን አገኛት ነበር። ሰው መፈለግ ሥራዬ ነበር። አልፈለግኋትም። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ሠራሁ፤ ስለ ሴት ጡንቻ ግን ሁለተኛ አልጻፍኩም። አለቆቼ ሲጠይቁኝ ርዕሱ አልቋል እላቸው ነበር።

አሁን ወደ ጎፋዋ ባለሙያ ልመለስ። ቤት ብቻዎን አይሠሩም፣ ከሰው ጋር ይሥሩ አለችኝ። ጽጌ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ሴቶች ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ስፖርት ወደሚሠሩበት ግቢ ትሄዳለች። «ብዙ ጊዜ ነግሬሻለሁ፤ አሠልጣኟ ጎበዝ ናት፣ አትጮህም» አለችኝ። ሰኞ ይዛኝ ሄደች።

ወደ ሃያ ሴቶች ነበሩ። ነጠላ ወገቧ ላይ ያሰረች፣ የልጇን ቱታ የለበሰች። አሸዋ የተሞሉ የውኃ ጠርሙሶች በግንቡ ሥር ተደርድረዋል። አሠልጣኟ ጀርባዋን ሰጥታን ስማቸውን እየጠራች ትጽፋለች። ስትራመድ ግራ እግሯን ሙሉ አትጥልም። ዞር ሳትል አወቅኋት።

አዲስ ወር ስለሆነ ሁሉም እንደገና ይመዘገባል።

«ጽጌ፣ ዕድሜ? የመታወቂያውን አይደለም፤ እናትሽ የምትቆጥረውን።»

«ሃምሳ ሰባት» አለች ጽጌ ቆፍጠን ብላ።

«አምናም ሃምሳ ሰባት ነበርሽ።»

ሴቶቹ ሳቁ። «እናቷ ቆጠራ አቁመው ነው!» አለች አንዷ። «እሺ፣ ስድሳ አራት፤ አሁን ደስ አለሽ?» አለች ጽጌ።

«እኔን አይደለም ደስ የሚለው፣ ጉልበትሽን ነው» አለችና ዘነበች ጻፈች። «ሁለት ጠርሙስ፤ ዛሬ ሠርተሽ ነገ ታርፊያለሽ። ሃምሳ ሰባት ብዬ ብጽፍ አራት አሸክምሽ ነበር።»

ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በእናትየው ቆጠራ። ፊቷ ብዙ አልተለወጠም። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ስም?»

«ሶስና።»

«ዕድሜ?»

«ስድሳ። የወረቀቱም የእናቴም።»

«ታድለሽ» አለች፤ ጻፈችው።

በዚያ ግቢ ሁሉም አንቺ ነው፤ ደንቧ ነው። ለእኔ ሁለት ጠርሙስ ሰጠችኝና አሠራችኝ። ስወርድ ቀስ፣ ስወርድ ቀስ ትለኝ ነበር፤ ትንሿ እርከን ላይ ቆማ እግሬን ታያለች። ሌሎቹ ሲሄዱ ጽጌን ቀድመሽኝ ሂጂ አልኳትና ግንቡ ላይ ተቀመጥኩ። ዘነበች ጠርሙሶቹን ሰብስባ ስትጨርስ ከጎኔ ተቀመጠች።

«አውጪኝ ብለሽኝ ነበር» አልኳት። ሌላ መግቢያ አላገኘሁም።

«ብዬሽ ነበር።»

«ሠንጠረዡ እንዳይጎድል ብዬ ነው። ለአንቺ ብዬ አልነበረም።»

አንገቷን ነቀነቀች። «ኮች ጋዜጣውን ይዞ ሲያነብልኝ፣ ሠላሳ አራት ነኝ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። እሱን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ሶስና፣ የራስሽን ድርሻ ብቻ ውሰጂ። የእኔን ለእኔ ተዪልኝ።»

«ማራቶኑስ?»

«ኧረ ተዪኝ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው አለቀ። «ማራቶን በሚሮጥበት ዕለት ቴሌቪዥን አልከፍትም።»

ከግንቡ ማዶ የጀሞ ታክሲ ረዳት ይጣራል።

«እናትሽ እንዴት ናቸው?»

«አርፋለች። ምን እንደነገረችሽ እስክታርፍ አላወቀችም። በሶውን ባልያዝኩልሽ ይሻል ነበር፣ ለማር ስትወርጂ ደረጃው ያደከመሽ ያኔ ነው ትለኝ ነበር።»

ስነሳ እጄ ወደ ግንቡ ሄደ። አየችኝ። «ያለ እጅ» አለችኝ። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ተነሳሁ። በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ጠራችኝ። «አሁን ትጽፊያለሽ አሉ፤ ጽጌ ነገረችኝ። እንግዲያው ጻፊው። ስሜን ብቻ ተዪው።»

ይህ ሰኞ ነበር። ማክሰኞ አላመመኝም፤ ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። ረቡዕ ልምምዱ ላይ እግሬ እያቃጠለኝ ገባሁ፤ አይታኝ ጠርሙስ አልሰጠችኝም፤ ቁጭ ብለሽ እጅሽን ብቻ አንቀሳቅሺ አለችኝ። ሐሙስ ጠዋት፣ በሦስተኛው ቀን፣ ከሦስተኛ ፎቅ ቤቴ ደረጃ በጎኔ ወረድኩ። ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ እርከን በእርከን። ሰዓቴን ያዝኩ። ታች ስደርስ ጻፍኩት፤ ሥሩ «አ» አደረግሁ። ከዚያ ሳጥኑን ከፍቼ ጋዜጣውን አወጣሁ። የጋሽ ታፈሰ ቀይ ክብ አልደበዘዘም፤ ሥሩ ባዶ ነው።

ጋዜጣው ስለሌለ ማረሚያውን እዚህ አወጣዋለሁ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በወጣው ሠንጠረዥ፣ በሁለተኛው ረድፍ፣ ሃያ አራት የተባለው ሠላሳ አራት ነው። አዘጋጇ ከመውጣቱ በፊት አይታ ነበር፤ ሰምታም ነበር።